የፋንክሽን ግራፍ ላቴክ ውስጥ በኮድ ስስል ኩርባው ይበላሽብኛል፤ ምን ይሻላል?

የጂሬኑ አስጠኚ

ሰላም ወገኖች። የምጽፈው ከጅማ፣ ከጂሬን ሰፈር ነው። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሒሳብ አስጠናለሁ። አሁን ለክረምት ትምህርት የሚሆን ሃንዳውት እያዘጋጀሁ ነው። የምጽፈው በላቴክ፣ ጽሑፍንና ቀመርን በኮድ በሚያቀናብረው ፕሮግራም ነው፤ ማብራሪያው በአማርኛ፣ ቀመሩ በተለመደው መልኩ። ጽሑፉ አሪፍ ሆኖልኛል። የግራፉ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

እስካሁን ግራፍ ሲያስፈልገኝ ጂኦጀብራ ላይ እሠራና ስክሪንሹት አንሥቼ እለጥፍ ነበር። ስልክ ላይ ሲታይ ያምራል። ሲታተም ግን ኩርባው ጥርስ ያወጣል፣ ዘንጉ ላይ ያሉት ቁጥሮች ይደበዝዛሉ። ፎቶ ኮፒ ከተደረገ በኋላማ ኩርባው ዘንጉን ነክቷል አልነካም ብሎ መለየት ጭንቅ ነው። አሲምፕቶት እያስተማርክ «ይጠጋል እንጂ አይነካም» ብለህ፣ ወረቀቱ ላይ ነክቶ ከታየ የተናገርከው ሁሉ ገደል ገባ። ተማሪ ከአስተማሪ አፍ ይልቅ ወረቀት ላይ ያየውን ሥዕል ያምናል፤ ቤቱ ይዞት የሚሄደውም እሱን ነው። ስለዚህ ግራፉ እዚያው ሰነዱ ውስጥ፣ ከራሱ ከቀመሩ ተነሥቶ በኮድ እንዲሳል ፈለግኩ። ላቴክ ውስጥ ሥዕል በኮድ የሚሳልበትን ቲክዝ የተባለ ፓኬጅ ጀመርኩ።

ዋይ እኩል ይሆናል ኤክስ ስኩዌርን ከኔጌቲቭ 2 እስከ 2 ስስል ቀኝ ጎኑ ልክ ይመጣል። ግራ ጎኑ ግን ተገልብጦ ወደ ታች ይወርዳል። ኮዱን ደጋግሜ አየሁት፤ ባክስላሽ ኤክስ፣ ካሬት፣ 2 ነው የሚለው። ምን ጎደለው? ሳይንን ደግሞ ከ0 እስከ 6.28 አዘዝኩት። ሞገድ ስጠብቅ በትንሹ ዘመም ያለ ቀጥታ መስመር ሰጠኝ።

ከሁሉም የባሰው 1 ሲካፈል ለኤክስ ነው። የግራውንና የቀኙን ክንፍ የሚያያይዝ ቁልቁል የቆመ መስመር መሐል ላይ ይመጣል። የነጥቡን ብዛት ስቀይር ደግሞ «ዳይሜንሽን ቱ ላርጅ» ይልና ቀጥ ይላል።

አንድ የምወዳት ምሳሌ አለችኝ። ራሽናል ፋንክሽንን የምከፍተው በመንገድ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ብለን እንያዝ። በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 10 ሰዓት ይፈጅበታል፣ በ50 የሚሄድ 7 ሰዓት፣ በ70 የሚሄድ 5 ሰዓት። ዋይ እኩል ይሆናል 350 ሲካፈል ለኤክስ ማለት ነው። ልጆቹ መንገዱን ያውቁታል፤ የጊቤን ቁልቁለት ወርደው ዳገቱን ወጥተውታል። ይህን ስስል ግራፉ ከገጹ ወጥቶ ጠፋ።

ቲክዝ ላይ ልቆይ ወይስ ሌላ የሚሻል አለ? ዝናቡ ሲጠና መብራትም ኔትወርክም አብረው ስለሚሄዱ ያለ ኢንተርኔት ላፕቶፔ ላይ የሚሠራ ቢሆን እመርጣለሁ።

---

መመረቂያ አቀናባሪዋ

ሰላም መምህር። እኔም እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ ነኝ። ሥራዬ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ በላቴክ ማቀናበር ነው። የጠየቁት ነገር ሁሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ በየቀኑ የሚመጣ ነው፤ ቲክዝ ላይ ይቆዩ። ጥቂት ነገር ካወቁለት እንደሱ የሚታዘዝ የለም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ። ቲክዝ ፓራቦላ ምን እንደሆነ አያውቅም። ፕሎት ሲሉት በሰጡት ክልል ውስጥ ነጥብ ይቆጥራል፣ እያንዳንዱን ያሰላል፣ ከዚያ ነጥብን ከነጥብ በመስመር ያያይዛል። እርስዎ ካልወሰኑለት ነጥቦቹ 25 ናቸው፣ ክልሉም ከኔጌቲቭ 5 እስከ 5 ነው። ኩርባው የት እንደሚታጠፍ፣ የት እንደሚበጠስ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ያንን ካልነገሩት እሱ ያያይዘዋል።

ወደ ፓራቦላው እንምጣ። ቲክዝ ባክስላሽ ኤክስን የሚያየው እንደ ጽሑፍ ነው። ቦታው ላይ ቁጥሩን እንዳለ ይተካዋል። ኤክስ ኔጌቲቭ 2 ሲሆን የሚያነበው «ሲቀነስ 2 ስኩዌር» ነው። እርስዎ ራስዎ እንደሚያስተምሩት ፓወሩ ይቀድማል፤ 2 ስኩዌር 4፣ ከፊቱ መቀነሻ፣ ኔጌቲቭ 4። ማሽኑ በሒሳብ ሕግ ነው የሄደው። መድኃኒቱ ባክስላሽ ኤክስን በቅንፍ ከልሎ ከዚያ ስኩዌር ማድረግ ነው። ግን ልብ ይበሉ፦ የነጥቡ አድራሻ ራሱ በቅንፍ ስለተጻፈ ቲክዝ መጀመሪያ ያገኘውን መዝጊያ ቅንፍ የአድራሻው መጨረሻ አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ የዋይን ቀመር በሙሉ በጥምዝ ቅንፍ ይጠቅልሉት። ይህችን የጥምዝ ቅንፍ ነገር ያላወቀ ሰው በስህተት መልእክት ናላው ይዞራል። ባክስላሽ ኤክስ ሲባዛ በባክስላሽ ኤክስ ብለው ቢጽፉም ይሠራል።

ሳይኑ ቀላል ነው። ቲክዝ አንግል የሚለካው በዲግሪ ነው። 6.28 ሲሉት 6.28 ዲግሪ ብሎ ነው የሚወስደው። የ6.28 ዲግሪ ሳይን 0.109 ነው። አሃዱ አንድ ሳንቲሜትር ከሆነ፣ 6 ሳንቲሜትር ተጉዞ አንድ ሚሊሜትር ብቻ ከፍ አለ ማለት ነው። ያዩት ዘመም ያለ መስመር እሱ ነው። በሳይኑ ቅንፍ ውስጥ ከባክስላሽ ኤክስ ቀጥሎ ክፍተት ትተው «አር» የምትለዋን ፊደል ይጨምሩ፤ ያኔ ራዲያን መሆኑን ይረዳል።

አሁን ዋናው። 1 ሲካፈል ለኤክስን ከኔጌቲቭ 4 እስከ 4 በ24 ነጥብ አዘዙት እንበል። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 8 ሲካፈል ለ23፣ ወደ 0.348 ነው። ከዜሮ በስተግራ ያለው የመጨረሻው ነጥብ ኔጌቲቭ 0.174 ላይ ያርፋል፤ ዋዩ ኔጌቲቭ 5.75። ቀጣዩ ነጥብ 0.174 ላይ ነው፤ ዋዩ 5.75። ማሽኑ ሁለቱን ያያይዛቸዋል። ያ የቆመ መስመር እሱ ነው፤ አሲምፕቶትም አይደለም፣ የግራፉም አካል አይደለም። ብዙ መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ይህ መስመር እንዳለ ታትሞ አይቻለሁ፤ ባየሁት ቁጥር ያበሳጨኛል። ከዚያ የሚማር ልጅ ፋንክሽኑ ዜሮ ላይ ዋጋ ያለው ይመስለዋል።

ነጥቡን 25 ሲያደርጉት ደግሞ አንዱ ነጥብ ዜሮ ላይ ወይም ዜሮ አፍንጫ ሥር ይወድቃል። ወይ በዜሮ ማካፈል አልችልም ይልዎታል፣ ወይ ውጤቱ ሰማይ ይነካል። ላቴክ የቆመበት ቴክ ሊሸከም የሚችለው ትልቁ ርዝመት 575 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ስድስት ሜትር አይሞላም። ከዚያ ያለፈ ሁሉ «ዳይሜንሽን ቱ ላርጅ» ነው። ክሊፕ አድርጌ ብቆርጠውስ እንዳይሉ፤ ክሊፕ የሚደብቀው ከተሰላ በኋላ ነው፤ ስሌቱ ላይ ከወደቀ ክሊፕ አያድነውም።

ስለዚህ ይክፈሉት። አንዱን ክንፍ ከኔጌቲቭ 4 እስከ ኔጌቲቭ 0.25፣ ሌላውን ከ0.25 እስከ 4። 1 ሲካፈል ለ0.25 4 ስለሆነ ሁለቱም ክንፎች በኤክስም በዋይም 4 ላይ ያበቃሉ፤ ሥዕሉ ካሬ ሆኖ ያምራል። የክልሉን ጫፍ በግምት ከመስጠት ይልቅ እንዲህ ከዋይ ተነሥቶ ማስላት ይሻላል። ኤክስፖኔንሻልም ላይ እንደዚያው ነው። ኢ ፓወር ኤክስን እስከ 5 ቢተዉት ቁመቱ 148 ሳንቲሜትር ይሆናል። 4 ሳንቲሜትር ላይ እንዲቆም ከፈለጉ ክልሉን 1.386 ላይ ይዝጉ፤ የ4 ናቹራል ሎግ ነው።

የመንገድ ምሳሌዎ በጣም ደስ ብሎኛል። እሱ ላይ ያለው ችግር የአሃድ ብቻ ነው። እርስዎ ዝም ካሉት ቲክዝ አንድን አሃድ አንድ ሳንቲሜትር ያደርገዋል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያሉት 80 ሳንቲሜትር ሆኖ ከገጹ ይወጣል። ሥዕሉ መጀመሪያ ላይ የኤክስን አሃድ 0.1 ሳንቲሜትር፣ የዋይን 0.3 ሳንቲሜትር ይበሉት። ክልሉን ከ20 እስከ 80 ያድርጉት። ወርዱ 8 ሳንቲሜትር ይሆናል፣ ቁመቱ 5.25። ኔጌቲቭ ፍጥነት ስለሌለ የግራው ክንፍ አያስፈልግም። ይህን ራሱን ልጆቹን ይጠይቋቸው፤ ቀመሩ ሁለት ክንፍ አለው፣ መንገዱ ለምን አንድ ብቻ ሆነ? ደግሞ 50 እና 7 የሚገናኙበት ላይ ነጥብ አድርገው ወደ ሁለቱም ዘንግ በሰረዝ መስመር ያውርዱት።

ሳይጠይቁኝ ስለ ስኩዌር ሩት ልጨምር፤ መጽሐፍ ላይ ሳይቀር ተበላሽቶ የሚታይ ግራፍ ነውና። ስኩዌር ሩት ኤክስ ከዜሮ ሲነሣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፣ ከዚያ ነው የሚተኛው። ከ0 እስከ 4 በ25 ነጥብ ሲሳል ግን የመጀመሪያው ነጥብ 0፣ ሁለተኛው 0.167 ላይ ነው፤ የሱ ስኩዌር ሩት 0.408። በነዚህ መሐል ማሽኑ ቀጥታ ዘንበል ያለ መስመር ያሰምራል። ያ መታጠፍ ጠፋ። ነጥብ ወደ 200 ከማብዛት ይልቅ ይገልብጡት፤ ኤክስን የተለዋዋጩ ስኩዌር፣ ዋይን ተለዋዋጩን ራሱን ያድርጉ፣ ክልሉን ከ0 እስከ 2። ኩርባው ያው ነው። አሁን ግን ሁለተኛው ነጥብ በኤክስ 0.007 ላይ፣ በዋይ 0.083 ላይ ይሆናል። ነጥቦቹ የሚጨናነቁት መታጠፊያው ላይ ነው። በ25 ነጥብ ብቻ እንከን አይወጣለትም። ኪዩብ ሩትም በዚሁ መንገድ ይሳላል፤ የኔጌቲቭ ቁጥር ፓወር አንድ ሦስተኛ አልሰላ ብሎ ከማስቸገር ይተርፋሉ።

አብሶሉት ቫልዩን ግን በፕሎት አይሳሉ። የነጥቦቹ ብዛት ተጋማሽ ቁጥር ከሆነ፣ ለምሳሌ 24፣ ጫፉ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይወጣል፤ ነጥቦቹን በለስላሳ ኩርባ የሚያያይዘውን «ስሙዝ» ካሉት ደግሞ ይብስ ጫፉን ያጎብጠዋል። ሁለት ቀጥታ መስመር ነው፤ በሦስት ነጥብ ያሰምሩት፣ በቃ።

---

የኮፒ ቤት ልጅ

ጋሼ፣ እኔ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ስለ ኮዱ እህታችን ብለውታል። እኔ የምናገረው ወረቀቱ ማሽን ላይ ሲደርስ ስለሚሆነው ነው።

ቲክዝ ዝም ሲሉት የሚያሰምረው መስመር 0.4 ፖይንት ነው፤ 0.14 ሚሊሜትር ገደማ። ኦርጅናሉ ላይ ይታያል። ተማሪ ሲገዛ ግን ለብር ብሎ ሁለት ገጽ በአንድ ወረቀት ነው የሚያስደርገው። ያኔ ሁሉም ነገር ወደ 70 ፐርሰንት ይወርዳል፤ መስመሩም 0.28 ፖይንት ይሆናል። ከኮፒ ላይ ሌላ ኮፒ ሲወጣማ ይቆራረጣል። ኩርባውን «ቬሪ ቲክ» ይበሉት፣ 1.2 ፖይንት ነው። ዘንጎቹን «ቲክ» ቢያደርጉት 0.8 ነው፣ ይበቃል። ኩርባው ከዘንጉ መወፈር አለበት፤ እኩል ከሆኑ ኩርባው ወደ ዘንጉ ሲጠጋ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። እርስዎም የፈሩት እሱን ነው።

ግራጫ አይጠቀሙ። ማሽኑ ግራጫን የሚሠራው በጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ነው። ቀጭን ግራጫ መስመር ነጠብጣቡ አይበቃውምና ወይ ይጠፋል ወይ እንደ ቆሻሻ ይታያል። የካሬ መስመር የግድ ካስፈለገዎት ቀጭን ጥቁር ነጠብጣብ መስመር ይሻላል። ቀይና ሰማያዊም ጥቁር በነጭ ላይ አንድ ናቸው። ሁለት ኩርባ አንድ ላይ ካለ አንዱን ሙሉ፣ አንዱን ሰረዝ ሰረዝ ያድርጉ። ስማቸውንም ጥግ ላይ በሳጥን ከማስቀመጥ እዚያው ኩርባው ጎን ይጻፉት።

ሌላ ደግሞ፣ ፋይሉን ሲያመጡ በፒዲኤፍ ያምጡ። በቴሌግራም ፎቶ አድርገው የሚልኩ አሉ፤ ያ ሁሉ የኮድ ልፋት እዚያው ላይ ወደ ስክሪንሹት ይመለሳል።

---

የጂሬኑ አስጠኚ

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፓራቦላው ተስተካክሏል፣ ሳይኑም ሞገድ ሆኗል። የጅማው መንገድ ግራፍ ገጹ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ነጥቡ 50 እና 7 ላይ፣ ሰረዞቹ ወደ ሁለቱ ዘንግ። «ለምን አንድ ክንፍ ብቻ ሆነ» የሚለውን ጥያቄ ከግራፉ ሥር ጽፌዋለሁ። የኮፒ ቤቱ ወንድሜ፣ አንተም ተባረክ። ውፍረቱን በነገርከኝ መሠረት ቀይሬ አንድ ገጽ በግማሽ አሳንሼ አሳተምኩ። አሲምፕቶቱና ኩርባው አሁን ይለያሉ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ዘንጎቹ ላይ «ፍጥነት» እና «ሰዓት» ብዬ በአማርኛ ስጽፍ ባዶ ነው የሚወጣው። ሁለተኛ፣ ፓራቦላውን ፒዲኤፉ ላይ በጣም አቅርቤ ሳየው አሁንም የተሰባበረ መስመር ነው። ነጥብ ሳበዛ ይሻላል፣ ግን ከቀጥታ መስመር የተሠራ ነገር ምን ጊዜም ያው ነው። እውነተኛ ኩርባ ማግኘት አይቻልም?

---

ሁለተኛ ዲግሪ ላይ ያለሁ

መምህር፣ ለፓራቦላ ይቻላል። ያውም ያለ ምንም ስህተት።

ፒዲኤፍ ራሱ ውስጡ የሚያውቀው ቀጥታ መስመርንና የሦስተኛ ዲግሪ ቤዚየር ኩርባን ነው። ቤዚየር ኩርባ አራት ነጥብ ይፈልጋል፦ መነሻ፣ መድረሻ፣ እና በመሐል ኩርባውን የሚጎትቱ ሁለት ነጥቦች። ነገሩ የመጣው ከመኪና ፋብሪካ ነው፤ ፒየር ቤዚየር ሬኖ ውስጥ፣ ፖል ደ ካስቴልዦ ሲትሮየን ውስጥ፣ የመኪና አካል ቅርጽ በቁጥር ለመያዝ ሲሉ ነው የደረሱበት። ቀመሩ ፖሊኖሚያል ስለሆነ እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ያለን ፖሊኖሚያል ልክ በልክ ይይዘዋል። በግምት አይደለም፣ እኩል ለእኩል ነው።

ኤክስ ስኩዌርን ከኔጌቲቭ 3 እስከ 3 እንውሰድ። መነሻው (-3, 9)፣ መድረሻው (3, 9)። የሚጎትቱት ነጥቦች (-1, -3) እና (1, -3) ናቸው። ቲክዝ ላይ መነሻውን ይጽፋሉ፣ ጎን ለጎን ሁለት የነጥብ ምልክት፣ «ኮንትሮልስ»፣ የመጀመሪያው ጎታች፣ «ኤንድ» («እና» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል)፣ ሁለተኛው ጎታች፣ እንደገና ሁለት የነጥብ ምልክት፣ መድረሻው። አለቀ። 25 ነጥብ የለም፣ ስሌት የለም። መሐሉን በእጅዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። የቤዚየር አጋማሽ የሚገኘው መነሻው አንዴ፣ ጎታቾቹ ሦስት ሦስቴ፣ መድረሻው አንዴ ተደምሮ ለ8 ሲካፈል ነው። ዋይ ላይ 9 ሲቀነስ 9 ሲቀነስ 9 ሲደመር 9፣ ዜሮ። ቨርቴክሱ ዜሮ ላይ ነው።

ኤክስ ኪዩብም እንዲሁ ነው። ከ(-3, -27) ተነሥቶ (3, 27) ላይ የሚደርስ፣ ጎታቾቹ (-1, 27) እና (1, -27)። የዋይን አሃድ 0.1 ሳንቲሜትር ካደረጉት ከ6 ሳንቲሜትር ያነሰ ቁመት ይኖረዋል። ሳይን፣ ሎግ፣ 1 ሲካፈል ለኤክስ ግን በዚህ መንገድ ልክ በልክ አይገቡም። ክብ እንኳ አይገባም፤ ላቴክ ውስጥ የምናየው ክብ ሁሉ ከቤዚየር የተሠራ በጣም የቀረበ ግምት ነው፤ ዓይን ግን አይለየውም። ለነሱ ነጥብ አብዝቶ «ስሙዝ» ማለት ይበቃል።

የአማርኛው ነገር የግራፉ ችግር አይደለም። ምናልባት የአማርኛ ፊደል በቀጥታ በማያወጣው የላቴክ ዓይነት፣ በፒዲኤፍ ላቴክ እያቀናበሩ ይሆናል፤ ዘንጉ ላይ ያለው ጽሑፍ ለብቻው በሚቀናበር ፋይል ውስጥ ከሆነም ያው ነው። ያንንም ፋይል በዚላቴክ ወይም በሉዋላቴክ ያቀናብሩት፤ «ፎንትስፔክ» በሚባለው ፓኬጅ አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ይጥሩ። ቲክዝ ጽሑፍን የሚያሳልፈው እንደ ሰነዱ ስለሆነ ፊደሉ እዚያም ይሠራል።

አንድ ሐሳብ ልጨምር። ግራፉ ከበዛ በቲክዝ ላይ የተሠራውን የግራፍ ፓኬጅ ፒጂኤፍ ፕሎትስን ቢጠቀሙ ይቀልዎታል። ዘንጉን፣ ቁጥሩን፣ ልኬቱን እሱ ራሱ ያወጣል። ኔጌቲቭ ስኩዌር ላይ ያየነው የቅንፍ ጣጣም እዚያ የለም፤ ኤክስን እንደ ተለዋዋጭ ነው የሚያየው።

---

መመረቂያ አቀናባሪዋ

ቤዚየሩ በጣም ጥሩ ነው፤ መምህር፣ ለፓራቦላ እሱን ይውሰዱ።

ፒጂኤፍ ፕሎትስ ላይ ግን ትንሽ ልለይ። የላቦራቶሪ ዳታ፣ መቶ ሁለት መቶ ነጥብ ያለው ሰንጠረዥ ላለው ሰው እኔም እሱን ነው የማዘው። ለማስተማሪያ ግራፍ ግን ዝም ሲሉት ኤክስንና ዋይን በየራሳቸው ልክ ይለጥጣቸዋል። ዋይ እኩል ይሆናል ኤክስ ብለው ሲስሉ 45 ዲግሪ አይወጣም፣ ክብ ሞላላ ይሆናል። ስለ ስሎፕ ለሚማር ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የግድ ከተጠቀሙበት «አክሲስ ኢኳል ኢሜጅ» ይበሉት፣ ዘንጎቹ እንደ መማሪያ መጽሐፉ በዜሮ እንዲያልፉም «አክሲስ ላይንስ» የሚለውን «ሚድል» ያድርጉት። አንግልም እዚያ በዲግሪ መሆኑን አይርሱ።

ስለ መብራቱ ደግሞ፦ ላቴክን ከነፓኬጆቹ የያዘውን ቴክ ላይቭን ሙሉውን አንዴ ይጫኑት። ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ ከሚያውቁት ሰው በፍላሽ ቢገለብጡ ይሻላል። እያንዳንዱን ግራፍ «ስታንድአሎን» በሚባለው ክላስ ለብቻው ፋይል ያድርጉት። አንዴ ፒዲኤፍ ካወጡት በኋላ ሃንዳውቱ ውስጥ እንደ ሥዕል ያስገቡታል። እንደዚያ ሲሆን አንድ መስመር ጽሑፍ ባረሙ ቁጥር ሃያ ግራፍ እንደ አዲስ አይሰላም፤ የላፕቶፑ ባትሪም ይተርፍልዎታል። ሲያስገቡት ግን ወርዱን አይለጥጡት፤ የመስመሩ ውፍረትና የፊደሉ መጠን አብረው ይቀየራሉ። መጠኑን ከስር ከኮዱ ላይ ይወስኑ።

---

የጂሬኑ አስጠኚ

ፊደሉ ወጣ። የግራፉን ፋይል ለብቻው በፒዲኤፍ ላቴክ ነበር የማቀናብረው፤ ወደ ዚላቴክ ሲቀየር «ፍጥነት» እና «ሰዓት» ቁልጭ ብለው መጡ። ፓራቦላውንም በአራቱ ነጥብ ሳልኩት። ፒዲኤፉን የቻልኩትን ያህል አቅርቤ አየሁት፣ ስብራት የለውም።

ታንጀንት ብቻ ቀረኝ። ሦስት ክንፍ ማሳየት እፈልጋለሁ። እያንዳንዱን ለየብቻ ልጻፈው?

---

መመረቂያ አቀናባሪዋ

አይ፣ አንዱን ብቻ ይጻፉ። ታንጀንት ላይ የቲክዝ ዲግሪ ይጠቅምዎታል። የ76 ዲግሪ ታንጀንት 4.01 ነው። ስለዚህ ተለዋዋጩን ከኔጌቲቭ 76 እስከ 76 ዲግሪ ያስኪዱት፤ ግራፉ ከላይም ከታችም 4 ላይ ያበቃል። ኤክስን ተለዋዋጩ ሲባዛ በፓይ ሲካፈል ለ180 ያድርጉት፣ ዘንጉ በራዲያን ይሆናል። ዋይ የተለዋዋጩ ታንጀንት ነው። ሁለቱንም በጥምዝ ቅንፍ።

ከዚያ ያንኑ ክንፍ «ፎርኢች» በሚለው ትእዛዝ ለኔጌቲቭ 1፣ ለ0 እና ለ1 ይድገሙት፤ በየዙሩ በፓይ ያህል ወደ ጎን ይገፋል። በሦስቱ ክንፎች መካከል ያሉት አሲምፕቶቶች በኔጌቲቭ ግማሽ ፓይና በግማሽ ፓይ ላይ ናቸው፤ በሰረዝ መስመር፣ «ቲክ» አድርገው ለብቻቸው ያሰምሯቸው። ከኩርባው ጫፍ ትንሽ ከፍና ዝቅ ያድርጓቸው፣ 4.5 እና ኔጌቲቭ 4.5 ድረስ። ኩርባው ቀድሞ ሲቆም አሲምፕቶቱ እንደሚቀጥል ልጁ በዓይኑ ያየዋል።